ነጻ ውርወራ እየሳተ የሚቸገር ቡድን እንዴት ይስተካከላል? ሜትር፣ ክርና ደብተር ይዛችሁ ኑ

ባህር ዳር ውስጥ አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን በማሠለጥንበት ጊዜ በ2 ነጥብ ተሸነፍን። ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስቆጥር 9 ነጻ ውርወራ ስተናል፤ ተጋጣሚ ፋውል ሲሠራ ማንም ሳይከላከል ከመስመር የሚወረወረው፣ አንዱ አንድ ነጥብ የሚያስገኘው ማለቴ ነው። ልጆቹ ላይ ልጮህ ነበር። ግን ጥፋቱ የኔው ነው። ልምምድ ሲያልቅ «ሃያ ሃያ ወርውሩና ግቡ» ነበር የምላቸው። እነሱም እየተሳሳቁ ይወረውራሉ፤ ማንም አይቆጥርም። ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ።

1. ሜዳውን ለኩ

ከቦርዱ (ሪንጉ ከተሰቀለበት ሰሌዳ) ፊት ተነስቶ ወርዋሪው እስከሚቆምበት የመስመር ጠርዝ 4.60 ሜትር ነው። ከምሰሶው አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ክር ላይ ጠጠር አስራችሁ ከቦርዱ ፊት ወደ መሬት አንጠልጥሉት። ጠጠሩ ካረፈበት ጀምራችሁ ለኩ። ሪንጉ፣ ማለትም ኳሱ የሚገባበት የብረት ቀለበት፣ ከመሬት 3.05 ሜትር ይሁን። ሲንጠለጠሉበት የከረመ ሪንግ አንገቱን ይደፋል፤ እሱንም እዩት። ቀለም በታደሰ ቁጥር መስመሩ ለምን እንደሚሸሽ እንጃ፣ ግን ይሸሻል። በተሳሳተ ልክ የለመደ እጅ ሌላ ሜዳ ሲሄድ ግራ ይጋባል።

2. ቁጠሩ

ለእያንዳንዱ ተጫዋች በደብተር አንድ ገጽ ስጡት። ገባ ወይስ ሳተ ብቻ አይበቃም። የሳተው አጥሮ ነው? አልፎ ነው? ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? ይህ ትንሽ ምልክት መድኃኒቱን ይነግራችኋል። የሚያጥርበት ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ እግሩ ላይ ነው፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ በክንዱ ብቻ ይገፋል። ወደ ጎን የሚሄድበት ደግሞ ክርኑ ተከፍቷል፣ ወይም ኳሱን ደግፎ የያዘው ሌላኛው እጁ መጨረሻ ላይ ይገፋዋል።

ስሌቱም ቀላል ነው። በአንድ ጨዋታ 20 ነጻ ውርወራ የሚያገኝ ቡድን ከ11 ወደ 14 ቢያድግ 3 ነጥብ ነው። እኛ የተሸነፍነው በ2 ነበር።

3. ኳሱን ከፍ አድርጉት

ማንጎ ዛፍ ላይ ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ልጅ ሁሉንም ነገር ቀጥ አድርጎ ይወነጭፋል። ለማንጎ ጥሩ ነው። ለሪንግ ግን አይሆንም። የሪንጉ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር፣ ኳሱ ደግሞ 24 ገደማ ነው። ከላይ ለሚወርድ ኳስ በቂ ቦታ አለ። ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ኳስ ግን ቀዳዳው ይጠባል፣ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ጉልበት ይታጠፍ፣ ክርን ከሪንጉ ትይዩ ይሁን፣ ኳሱ ሲለቀቅ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይጣል። ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ከሄደ ሪንግ ቢነካም ፍጥነቱ ስለሚበርድ የመግባት ዕድል አለው።

ይህን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥሩት። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ይነሳል፤ ክፍት ሜዳ ላይ የሳተው ልጁ ይሁን ነፋሱ አይለይም።

4. ለእያንዳንዱ የራሱ ልማድ

ዳኛው ኳሱን ከሰጠ በኋላ ያለው ጊዜ 5 ሰከንድ ነው። ሁለቴ ማንጠር፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ሪንጉን ማየት፣ መወርወር። ሦስቴ የሚያነጥርም ይኑር፣ ግድ የለም። ብቻ ሁልጊዜ ያው ይሁን።

እዚህ ጋ ይሉኝታ ይመጣል። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌን እ.ኤ.አ. በ1962 ብቻውን 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 ነጻ ውርወራ 28ቱን አስገብቷል፤ ኳሱን በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ እያነሳ ነበር የሚወረውረው። በኋላ ግን «ያስቃል» ብሎ ተወው። ከናንተ ልጆች አንዱ የሚያስቅ አወራወር ኖሮት የሚያስገባ ከሆነ እባካችሁ አትንኩት።

5. ደክሟቸው ይወርውሩ

ዋናው ይሄ ነው። በጨዋታ ማንም 20 ነጻ ውርወራ ተከታትሎ አይወረውርም። ሮጦ፣ ተገፍቶ፣ ልቡ እየመታ መጥቶ ሁለት ይወረውራል፤ አለቀ። ልምምዱም እንደዚያ ይሁን። ሜዳውን ሁለት ጊዜ በሩጫ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ሁለት ውርወራ። እንደገና ሩጫ፣ እንደገና ሁለት። አሥር ዙር ይበቃል። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ይጩሁ፣ ይቀልዱበት። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የዚህ ውጤት ነው፤ ተዝናንተው የወረወሩትን አትቁጠሩት።

የሳተን በሩጫ መቅጣት ግን አልወድም። ልጁ መስመሩ ላይ ሲቆም ሪንጉን ትቶ ቅጣቱን ያስባል።

6. ደብተሩን ወደ ጨዋታ ይዛችሁ ሂዱ

ተጋጣሚ ቴክኒካል ፋውል (ዳኛን እንደ መሳደብ ያለ የሥነ ምግባር ጥፋት) ሲሠራ ወርዋሪውን የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው። አንድ ውርወራ ብቻ ነው፤ ታዲያ አምበሉ ስለሆነ፣ ወይም «እኔ ልወርውር» ብሎ እጁን ስላወጣ አትስጡት። ገጹን ግለጡ። እኛ ዘንድ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያሳልፍ ዝምተኛ ልጅ ነበር።