የጃኩዚ ውሃ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ውሃው ሲደፈርስ ወይም ሲሸት የብዙዎቻችን እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክሎሪኑ ነው። እባካችሁ፣ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት ለኩ። ጃኩዚ ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ብዙ። ትልቅ የዋና ገንዳ ውስጥ የማይታወቅ ስህተት እዚህ በአንድ ሌሊት ይታያል።

የመመርመሪያ ወረቀቱን ነክራችሁ አውጡት። ሳታራግፉ አግድም ያዙትና ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰከንድ ሲሞላ ቀለሙን አመሳክሩ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.2 እስከ 7.8፣ አልካሊኒቲ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ ማለት ነው)፣ ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም ይሁን። በክሎሪን ፋንታ ብሮሚን የምትጠቀሙ ከ4 እስከ 8 ፒፒኤም ጠብቁ።

የክሎሪን ሽታው ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያቃጥላል

«ክሎሪን በዝቷል» ትላላችሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሥራ ላይ ያለ ክሎሪን ያን ያህል አይሸትም። የሚሰነፍጠው ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ጉልበቱን የጨረሰው ነው፤ ክሎራሚን ይባላል። ጠቅላላውንም ነፃውንም (ገና ከምንም ጋር ያልተዋሃደውን) ክሎሪን ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ክሎራሚኑ ነው።

መፍትሄው ሾክ ማድረግ ነው፤ ክሎራሚኑን የሚሰብር ጠንከር ያለ መጠን በአንድ ጊዜ መጨመር ማለት ነው። መጀመሪያ ፒኤቹን አስተካክሉ። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ፣ ፓምፑን አስነሱ፣ ለውሃችሁ መጠን የታዘዘውን ያህል የሾክ ዱቄት ጨምሩ። ክዳኑን ቶሎ አትመልሱት። ጋዙ መውጫ ካጣ እዚያው ይታመቃል፣ የክዳኑንም የውስጥ ሽፋን ይበላል። ልኬቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ማንም አይግባ። ከመግባት በፊት ደግሞ ሰውነትን መታጠብ ክሎሪኑን በጣም ይቆጥባል።

ውሃው ደፍርሷል

ክሎሪኑ አንሶ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ጨምሩ። ክሎሪኑ በቂ ሆኖ ከደፈረሰ ግን ፒኤቹን እዩ። ፒኤች 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ጀርም የሚገድለው ክፍል ግማሽ ያህል ነው። 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ክሎሪን እያለ ውሃው እንደሌለው ይሆናል። ፒኤች ማውረጃውን ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ፓምፑ ይዙር፣ እንደገና ለኩ። ፒኤቹ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ካስቸገራችሁ አልካሊኒቲው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እሱን በቤኪንግ ሶዳ ከፍ አድርጉት። ሁልጊዜ አልካሊኒቲ ይቅደም፣ ፒኤች ይከተል፣ ክሎሪን መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ከሆኑ ፊልተሩን አውጡ። እጥፋቶቹን በጣት ከፈት አድርጋችሁ ዳስሱ። የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የቆዳ ቅባት ይዟል፤ በውሃ ብቻ አይለቅም። በፊልተር ማጽጃ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በጎማ ከላይ ወደ ታች እጥፋት በእጥፋት እጠቡት። የልብስ ወይም የዕቃ ሳሙና አትጠቀሙ፤ ቀጥሎ ላለው ችግር ራሳችሁ በር መክፈት ነው።

አረፋው አልጠፋ ብሏል

ሳሙና፣ ሎሽን፣ የፀጉር ኮንዲሽነር፣ ከዋና ልብስ ያልለቀቀ ኦሞ። አረፋ ማጥፊያው ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ መንስኤውን አያነሳም። የዋና ልብሱን በውሃ ብቻ አለቅልቁ፣ ሾክ አድርጉ። አሁንም ካልጠፋ ውሃውን ቀይሩት።

ውሃው ጥርት ያለ ግን አረንጓዴ ነው፤ ወይም ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት አለ

አረንጓዴው ብዙ ጊዜ መዳብ ነው። ብረታ ብረት የሚይዝ ኬሚካል ጨምሩ። ነጩ ካልሲየም ነው፣ ማሞቂያውንም ይጎዳል። ፒኤቹን አውርዱ፣ ካልሲየሙን ከ150 እስከ 250 ፒፒኤም አድርጉት።

ክሎሪን ጨምሬ ልኬቱ ዜሮ ይላል

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ክሎሪን የለም ብዬ ደገምኩ። በማግስቱም ነጭ። ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ የወረቀቱን ቀለም ራሱን ያነጣዋል። አንድ ብርጭቆ የጃኩዚ ውሃ ክሎሪን ከሌለው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለኩ፣ ውጤቱን በሁለት አባዙ። ቁጥር ከወጣ መልሱን አገኛችሁ።

በእውነት ዜሮ ከሆነና ክሎሪኑ በየቀኑ ከጠፋ፣ ቧንቧው ውስጥ የሚያሟልጭ የባክቴሪያ ሽፋን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ውሃውን ከመቀየራችሁ በፊት የቧንቧ ማጽጃ አዙሩ፤ ከዚያ አፍስሱ፣ ገንዳውን ፈግፍጉ፣ አዲስ ሙሉ። ችግር ባይኖርም ውሃውን በየ3 ወይም 4 ወሩ ቀይሩ።

ከጃኩዚው በኋላ ሰውነት ላይ በተለይ የዋና ልብስ በነካው ቦታ ቀያይ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ፣ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ጃኩዚውን ዝጉ፣ ከላይ እንዳልኩት ሁሉንም አጽዱ፣ ፊልተሩን ቀይሩ። ሽፍታው ካልጠፋ ሐኪም ይየው።

ኬሚካሎቹን ስትነኩ ጓንት አድርጉ። አሲድና ክሎሪንን በፍጹም አታገናኙ (ፒኤች ማውረጃውም አሲድ ነው)፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁለት ዓይነት ክሎሪንም በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉ፤ በአንድ ማንኪያም አትጭለፉ። ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ።