የጭነት መንኮራኩሩ ለምን ዘገየ? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ምግብ፣ መለዋወጫና የምርምር ዕቃ የሚያደርሱለት ሰው አልባ መንኮራኩሮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዘገየ ሲባል ሰው ሁሉ “ምን ተበላሸ?” ይላል። እኔ ግን አስቀድሜ የማጣራው የት ላይ እንደቆመ ነው። ምህዋር ገብቶ ከጣቢያው ርቆ የቆመ መንኮራኩር ጊዜ አለው፤ ጊዜ ካለ ደግሞ ብዙው ችግር ይፈታል። የሚያስፈራው ቀርቦ የሚበላሸው ነው። ስለዚህ ከሩቁ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክት፦ ከሮኬቱ ተለይቷል፣ ሞተሮቹ ግን አልነሳ አሉ

ማርች 2013 ላይ ድራጎን የተባለው የአሜሪካ የጭነት መንኮራኩር ምህዋር ሲገባ፣ በአራት ቡድን ከተከፈሉት ትንንሽ ሞተሮቹ የሠራው አንዱ ቡድን ብቻ ነበር። ወደ ጣቢያው ለመጠጋት ቢያንስ ሦስቱ ያስፈልጉታል። ጥፋቱ የሞተሮቹ አልነበረም። ሄሊየም ጋዝ ኦክሲዳይዘሩን (ነዳጁ እንዲቃጠል የሚያደርገውን ፈሳሽ) ገፍቶ ወደ ሞተሮቹ በሚልክበት መስመር ላይ ያሉ ቫልቮች ተጣብቀው ነበር። መሐንዲሶቹ ከመሬት ሆነው ያደረጉት የተዘጋ ቧንቧ ከሚከፍት ሰው ሥራ ብዙም አይርቅም፦ ከቫልቮቹ በስተጀርባ ግፊት አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ቫልቮቹ ተላቀቁ፤ ጭነቱም አንድ ቀን ብቻ ዘግይቶ ገባ።

ምልክት፦ አንዱ ሶላር ፓነል አልተዘረጋም

ኖቬምበር 2022 ላይ ሲግነስ የተባለውን ሌላ የአሜሪካ የጭነት መንኮራኩር የገጠመው ይህ ነው። ከሮኬቱ የድምፅ መከላከያ ልባስ የተቀደደ ቁራጭ መዘርጊያው ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። መፍትሄው? በቀረው አንድ ፓነል መቀጠል። ኃይሉ በቃው፣ ደረሰ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ መንኮራኩሩ ግን ከጣቢያው የሚመጣለትን መረጃ አይቀበልም

ሴፕቴምበር 2013፣ የሲግነስ የመጀመሪያ ጉዞ። ጂፒኤስ ጊዜን የሚቆጥረው በሳምንት ሲሆን፣ 1,024 ሳምንት በሞላ ቁጥር ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጣቢያውና መንኮራኩሩ ይህን ቁጥር የሚጽፉበት መንገድ ስላልተጣጣመ፣ መንኮራኩሩ መረጃውን ውድቅ አድርጎ መቅረቡን አቋረጠ። እኔ ይህን ብልሽት አልለውም፤ የማያምነውን መረጃ ይዞ ከሚጠጋ መንኮራኩር የሚመለሰው ይሻላል። ሶፍትዌሩ ከመሬት ተስተካከለለት፤ ሴፕቴምበር 22 ሊደርስ የታሰበው ሴፕቴምበር 29 ደረሰ። ከዘገየባቸው ቀናት አንዳንዶቹ አዲስ ጠፈርተኞችን ይዞ ለሚመጣው የሩሲያ መንኮራኩር ሶዩዝ ቅድሚያ ለመስጠት ነበር።

ምልክት፦ ተነካክተዋል፣ ግን አልተቆላለፉም

የሩሲያው የጭነት መንኮራኩር ፕሮግረስ ወደ ጣቢያው የሚጠጋው በመጨረሻ በሴኮንድ ግማሽ ስንዝር ያህል እየተሳበ ነው። ከአፍንጫው የወጣ ዘንግ ጣቢያው ላይ ያለ ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፤ ከዚያ ዘንጉ ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ሁለቱን አካላት ያቀራርባል፤ በመጨረሻ መንጠቆዎች ዙሪያውን ይቆልፋሉ። ኖቬምበር 2001 ላይ የመጣው ፕሮግረስ የመጀመሪያው እርምጃ ተሳክቶለት ሁለተኛው እምቢ አለው። በካሜራ ሲታይ፣ ከእሱ በፊት እዚያው በር ላይ የነበረው መንኮራኩር ሲሄድ ትቶት የሄደው የጎማ ማሸጊያ ቀለበት መሃል ገብቷል።

በዘንግ ብቻ የተንጠለጠለ መንኮራኩር ስላለ አሜሪካኖቹ ጠፈርተኞችን ይዞ ወደ ጣቢያው ሊመጣ የነበረውን የኢንዴቨር መንኮራኩርን ጉዞ አዘገዩ። ዲሴምበር 3 ቀን ጠፈርተኞቹ ቭላድሚር ዴዡሮቭና ሚካኢል ትዩሪን ወደ ውጭ ወጥተው ጎማውን ቆርጠው አነሱት፤ መንጠቆዎቹም ያዙ። በር ላይ የሚገጥም ችግር ሲኖር ከመጣው ይልቅ የሄደውን መጠርጠር አይከፋም።

ምልክት፦ ስክሪኑ ላይ ያለው ጣቢያ ከታሰበው በላይ እየገዘፈ ነው

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጁን 25 ቀን 1997 ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ጠፈርተኛው ቫሲሊ ትሲብሊዬቭ ፕሮግረስን በእጅ ለማስጠጋት ይሞክር ነበር። ሙከራው ርቀትንና ፍጥነትን የሚለካውን የራዳር ሲስተም ያለመጠቀም ነበር። የነበረው ከፕሮግረስ ካሜራ የሚመጣ የቴሌቪዥን ምስል ብቻ፤ በምስሉ ላይ ደግሞ ጣቢያው ከጀርባው ካለው የምድር ደመና በቅጡ አይለይም። ፍሬን መያዝ ሲጀመር ጊዜው አልፏል። መንኮራኩሩ ስፔክትር የተባለውን ክፍል መታው፤ አየር ማፍሰስ ጀመረ።

ቀዳዳውን መፈለግ ሳይሆን ክፍሉን መዝጋት ነበር መፍትሄው። ነገር ግን በበሩ በኩል ኬብሎች ተዘርግተው ስለነበር በሩ አይገጥምም። ባልደረባው አሌክሳንደር ላዙትኪን የሚነቀለውን ነቅሎ፣ የማይነቀለውን ቆርጦ በሩ ተዘጋ። ጣቢያው ውስጥ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ተረፉ፤ ከስፔክትር ፓነሎች የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን ተቋረጠ።

ዛሬ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ዙሪያ 200 ሜትር ሬዲየስ ያለው የተከለለ ቀጠና አለ። መንኮራኩር በየደረጃው እየቆመ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ጠፈርተኞቹም “ተመለስ” የሚል ትዕዛዝ የሚልኩበት ቁልፍ እጃቸው ላይ ነው።

ምልክት፦ ጭነቱ ጭራሽ ጠፋ

እዚህ ጋ የሚጠገን ነገር የለም፤ መፍትሄው ቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ሲግነስን የጫነው አንታሪስ ሮኬት፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2015 ፕሮግረስ፣ ጁን 28 ቀን 2015 ድራጎን፦ በስምንት ወር ሦስት ጭነት ጠፋ። (ሦስቱም በ28 መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ቀኑ ሲደርስ አሁንም ትዝ ይለኛል።) ማንም አልተራበም። ጣቢያው ላይ የወራት ስንቅ ተቀምጦ ነበር፤ የተለያየ ሮኬት የሚጠቀሙ የተለያዩ አገሮች መንኮራኩሮችም ነበሩ። በዚያው ጁላይ አዲስ ፕሮግረስ፣ በኦገስት የጃፓኑ ኮውኖቶሪ ደረሱ።

ስንቅ በስንቅ ይተካል፤ አንድ ለእናቱ የሆነ ዕቃ ግን አይተካም። በጁን የወደመው ድራጎን የአዳዲስ መንኮራኩሮች መግጠሚያ ይዞ ነበር። ምትኩ በአብዛኛው ከመለዋወጫ ዕቃዎች ተገጣጥሞ ጣቢያው ላይ የተገጠመው በ2019 ነው።