ኬራቶኮነስ አለባችሁ ሲሏችሁ ከየት እንደሚጀመር

አይዟችሁ። ኬራቶኮነስ የሚለውን የአይን በሽታ ስም ከሀኪም ሰምታችሁ ገና ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ጎግል ስታደርጉ የሚመጣው ፎቶ ያስደነግጣል፣ የአይኑ ፊት ሾሎ የወጣ ሰው ምናምን፣ ግን ያ በጣም የገፋ ደረጃ ነው፣ አብዛኛው ሰው እዛ አይደርስም። ጨርሶም አያሳውርም። የኤንቢኤው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስቴፈን ከሪ ራሱ አለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው በይፋ የተናገረው፣ ሌንስ አድርጎ ነው እንደዛ ሚያገባው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአይናችን ፊት ላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል፣ እሱ እየሳሳ ሲሄድ ከውስጥ ያለውን ግፊት መቋቋም ያቅተውና የሳሳ ጎማ አንድ ቦታ ላይ እንደሚያብጠው ወደፊት ይሾላል። ቅርጹ ስለተበላሸ ብርሃን ተበታትኖ ነው የሚገባው፣ ለዛ ነው ማታ የመኪና መብራት ጭራ አውጥቶ የሚታያችሁ፣ ጨረቃ ደራርባ የምትታየው፣ አንድ አይን ጨፍናችሁ እንኳን ስታነቡ ፊደሉ ጥላ ያለው። ብዙ ጊዜ በአስራዎቹ እድሜ ወይ በሀያዎቹ መጀመሪያ ይጀምራል፣ እየጨመረ ይሄድና ሰላሳዎቹ ውስጥ ወይ አርባ አካባቢ ይረጋጋል። ሁለቱንም አይን ነው የሚይዘው ግን እኩል አይደለም፣ አንደኛው ቀድሞ ይበላሻል። ስለዚህ ስራችሁ እስኪረጋጋ ድረስ እንዳይገፋ ማድረግ ነው፣ ጥርት አድርጎ ማየቱ ከዛ ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ይሄን ገልብጦ መነጽር ፍለጋ ይሮጣል።

1. አይናችሁን ማሸት አቁሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ

ይሄ በጣም ቀላል ይመስላል፣ ግን ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው፣ ሀኪሞች ደግሞ "አትሹ" ብለው በአንድ አረፍተ ነገር ያልፉታል። አይን ማሸት በሽታውን እንደሚያባብስ በደንብ የታወቀ ነው፣ በተለይ በጣት አንጓ ጭምቅ አድርጎ ማሸት። ችግሩ ኬራቶኮነስ ካለብን ሰዎች ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ አለርጂ አለብን፣ ሙቀትና አቧራ ሲሆን የሚብስ፣ የአይኑን ነጭ ቡናማ የሚያደርግ፣ ጠዋት ክር የመሰለ ፈሳሽ የሚያመጣ አይነት ማሳከክ። እንዲህ እያሳከካችሁ "በቃ አልነካውም" ብሎ መወሰን አንድ ቀንም አያቆይም፣ እጃችሁ እናንተ ሳታውቁ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መታከም ያለበት ማሳከኩ ነው።

ለሀኪማችሁ በግልጽ "ያሳክከኛል፣ አሻለሁ" በሉት፣ ሳይጠየቁ የማይናገሩት ብዙ ናቸው። እንደ ኦሎፓታዲን ወይም ክሮሞላይን አይነት የአለርጂ ጠብታ ያዝላችኋል፣ ክሮሞላይኑ በየቀኑ ካልተደረገ አይሰራም፣ ሲያሳክክ ብቻ አድርጋችሁት "አልሰራልኝም" እንዳትሉ። ሰው ሰራሽ እንባ የሚሉትን ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቀዝቀዝ ሲል ማድረግ በጣም ያስታግሳል። ያ ከሌለ ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ የተከደነ አይን ላይ ማሳረፍ፣ መጫን የለም፣ ማሳረፍ ብቻ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጩህ። ፋርማሲ ሄዳችሁ "አይኔን ያሳክከኛል" ስትሉ ያለ ማዘዣ ደክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ የሚሰጥ አለ፣ ጎረቤትም ከተረፋት ታካፍላችኋለች። ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፣ ለዛ ነው ሰው የሚወደው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የአይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ያመጣል፣ የአይን ሞራም ያመጣል። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ሀኪም አዞ፣ ግፊቱን እየለካ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በራስ ግን በፍጹም።

ከዛ መቼ መቼ እንደምታሹ ተከታተሉ። ልክ ከእንቅልፍ ስትነቁ፣ ሻወር ውስጥ፣ መነጽር ስታወልቁ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ቡና ሲፈላ እጣኑ ሲጨስ፣ ስልክ ላይ አምሽታችሁ አይን ሲደርቅ። የቤት ሰው ንገሩ፣ እናቴ አሁን ከጓዳ ሆና "እጅህን!" ትላለች፣ አታይም እኮ ግን ታውቃለች። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ፊታችሁን ትራስ ውስጥ የምትቀብሩ ከሆነም ያ ሌሊቱን ሙሉ አይን እንደመጫን ነው፣ በጀርባ ለመተኛት ሞክሩ። እንቅልፍ ላይ እያሸ ለሚያስቸግር ልጅ ማታ የሚደረግ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መከለያ አለ፣ ከአይን ክሊኒክ ጠይቁ፣ ያስቃል ግን ይሰራል።

2. የኮርኒያችሁን ካርታ በእጃችሁ ያዙ

ምርመራው ቶፖግራፊ ይባላል፣ ፔንታካም የሚሉት ማሽንም አለ። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው ወረቀት ነው የሚወጣው። ወረቀቱን ውሰዱ፣ አንሰጥም ካሉ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፎቶው ላይ ቀኑ መታየት አለበት። ሁለት ቁጥር ብቻ እወቁ፣ ኬማክስ የሚለው (ከሁሉም የሾለው ቦታ ምን ያህል ሾሏል) እና በጣም የሳሳው ቦታ ውፍረት በማይክሮን። ለንጽጽር፣ ጤነኛ ኮርኒያ ሹለቱ በአማካይ 43፣ 44 አካባቢ ነው፣ ውፍረቱ ደግሞ 540 ማይክሮን ገደማ።

አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ዋናው ነገር ሁለተኛው ነው። ወጣት ከሆናችሁ በየሶስት እስከ ስድስት ወሩ ድገሙት፣ ከተቻለ በዛው ማሽን፣ ምክንያቱም ማሽን ሲቀየር ቁጥሩም ትንሽ ይቀየራል። ኬማክሱ በአመት ውስጥ በአንድ ወይ ከዛ በላይ ከጨመረ እየገፋ ነው ማለት ነው። ሀርድ ሌንስ የምታደርጉ ሰዎች ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ማውለቅ አለባችሁ፣ ሌንሱ ኮርኒያውን ተጭኖ ስለሚያስተካክለው ውጤቱ ይዋሻል።

መነጽር ቤት ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ የመነጽር ወረቀታችሁን ተመልከቱ፣ ሲሊንደር የሚለው ቁጥር በየጊዜው እየጨመረ፣ አክሲሱም እየዞረ ከሆነ ያ ምልክት ነው። እኔ እንደዛ እየሆነ አዲስ መነጽር ነበር የሚሸጥልኝ፣ ቶፖግራፊ ተነሳ ያለኝ ሰው አልነበረም።

3. እየገፋ ከሆነ ክሮስ ሊንኪንግ፣ ሳይዘገይ

ቫይታሚን ቢ2 (ሪቦፍላቪን) ጠብታ ኮርኒያው ላይ እየተደረገ የተለካ የዩቪ ጨረር ይበራበታል፣ በዚህም የኮርኒያው ክሮች እርስ በርስ ይያያዙና ይጠነክራል። ጀርመን ድሬስደን ነው የተጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው በሰው ላይ የተገኘው ውጤት የታተመው፣ የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያጸደቀው በ2016 ነው። በመደበኛው አሰራር ግማሽ ሰአት ጠብታ፣ ግማሽ ሰአት ብርሃን። አይናችሁ በጠብታ ስለሚደነዝዝ በሰአቱ አያምም።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። አንደኛ፣ የሚያቆመው መግፋቱን ነው፣ እይታችሁን አስተካክሎ መነጽር ያስጥላል ብላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ እንዳትናደዱ። ሁለተኛ፣ ለመደበኛው አሰራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን መሆን አለበት፣ ለሳሳ ኮርኒያ የተሻሻሉ ዘዴዎች ቢኖሩም ምርጫው ይጠባል። "ከፈተና በኋላ"፣ "ከሰርግ በኋላ"፣ "አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ" እያሉ ማቆየት ጥሩ ያልሆነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እድሜያችሁ አርባ ደርሶ ካርታው ለአመታት ያልተነቃነቀ ከሆነ ላያስፈልጋችሁም ይችላል፣ ሁሉም ሰው ይሰራ አይባልም።

የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት ከባድ ናቸው፣ ማንም ቀለል ያርግላችሁ እንጂ እኔ አላረግም። የላይኛው ስስ ሽፋን ስለሚነሳ አይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፣ መብራት አይቻልም። ወደ ቤት የሚወስዳችሁ ሰው ይኑር፣ ጥቁር መነጽር ያዙ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ማስታገሻውን ሳያም ጀምሩት። የሚያደነዝዘውን ጠብታ ግን ቤት ልውሰደው እንዳትሉ፣ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ሲያልቅ ቁስሉን እንዲሸፍን አይን ላይ የሚደረገውን ስስ ሌንስ ሀኪሙ ነው የሚያወጣው። ውሃ አይግባበት፣ ጸጉር ወደኋላ ጋደም ብላችሁ ሌላ ሰው ይጠብላችሁ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ማን ይከለክላል፣ ግን ቁስሉ ሳይድን አይን ውስጥ አይግባ፣ ጠጡት፣ ከአንገት በታች ተጠመቁ፣ ለአባ ብትነግሯቸው ይረዳሉ። ውዱእ የምታደርጉም ፊት ላይ ውሃ መቼ መጀመር እንደሚቻል ሀኪሙን ጠይቁት።

ከዛ በኋላ ለሳምንታት ጭጋግ ጭጋግ ይላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካርታውም የባሰ ሊመስል ይችላል። የሚጠበቅ ነው። ተሰርቶ አልቋል ብላችሁ ወደ ማሸት እንዳትመለሱ ብቻ።

4. አሁን ማየት

ገና ጀማሪ ከሆነ መነጽር ይበቃል። ሲብስ መነጽር የፈለገውን ያህል ቢቀየር ጥላውን አያጠፋውም፣ የሾለውን ቅርጽ የሚሸፍን ጠንካራ ሌንስ ነው የሚያስፈልገው። ትንሹ አርጂፒ ይባላል፣ ኮርኒያው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጥርት አድርጎ ያሳያል ግን አቧራ ከስሩ ሲገባ የአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ። ትልቁ ስክሌራል ነው፣ የአይን ነጩ ላይ ያርፋል፣ ኮርኒያውን አይነካም፣ በመሀል ሳላይን (ለአይን የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይሞላል። እኔ ብትጠይቁኝ አቅም ካለ ስክሌራል፣ ውድ ነው እና ሁሉም ቦታ አይገኝም ግን ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ውጪ ላለ ዘመድ የመነጽር ቁጥሩን ልኮ "ሌንስ ግዛልኝ" ይላል፣ አይሆንም፣ አይናችሁ ላይ እየተለካ ነው የሚሰራው። ፈሳሹንና መያዣውን ግን ማስላክ ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ስትደውሉ ለውበት እንደሚደረግ ተራ ኮንታክት ሌንስ እንዳይቆጥሩት "ሜዲካሊ ነሰሰሪ" (ለህክምና የግድ የሚያስፈልግ) የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፣ ለኬራቶኮነስ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

የስክሌራሉ አደራረግ፦ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በርበሬ የነካ እጅ ሁለቴ ይታጠብ፣ አድርቁ። ጠረጴዛ ላይ ንጹህ ፎጣ አንጥፉና መስታወት አጋድሙበት። ሌንሱን ትንሿ የላስቲክ መያዣ ላይ አስቀምጡ፣ ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለበት ሳላይን ሊፈስ እስኪል ሙሉት። አገጫችሁ ደረታችሁ ጋ እስኪደርስ አጎንብሱ፣ ፊታችሁ መስታወቱን ቀጥ ብሎ ይየው። በአንድ እጅ የላይኛውንና የታችኛውን ቆብ ከፍታችሁ ያዙ፣ በሌላኛው ሌንሱን ሳታዘነብሉ ከስር አምጡ። ውሃው አይን ሲነካ ሁሉም ሰው ወደኋላ ይላል፣ እዛች ጋ ነው ተደፍቶ የሚቀረው፣ ሳትቆሙ ትንሽ ገፋ አድርጉት፣ ቆቡን ልቀቁ፣ መያዣውን ጨመቅ አድርጋችሁ አላቅቁ። ከዛ በመስታወት እዩ፣ ከስሩ ክብ የአየር አረፋ ካለ አውጡና እንደገና ጀምሩ። "ይሁን፣ ለዛሬ" ካላችሁ ከሰአት በኋላ መውጣቱ አይቀርም፣ እየቆጠቆጠ። ስታወጡ መያዣውን ሌንሱ መሀል ላይ አትለጥፉ፣ ጠርዙ ጋ ለጥፋችሁ ቀስ ብሎ ማንሳት።

የቧንቧ ውሃ፣ ሃይላንድ፣ ምራቅ፣ ምንም ሌንስ አይንካ። ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል ተህዋስ አለ፣ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ህክምናው ወራት ነው። ሌንስ አድርጎ መተኛት፣ መዋኘት፣ መጠመቅም የለም።

5. የቀረው

ሌዘር ተሰርታችሁ መነጽር ጣሉ የሚላችሁ ማስታወቂያ ለናንተ አይደለም፣ ሌሲክ ኮርኒያውን የበለጠ ስለሚያሳሳው ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው አይሰራም። ንቅለ ተከላ ደግሞ ሌንስ አልይዝ ሲል ወይ ኮርኒያው ጠባሳ ሲያወጣ የሚመጣ የመጨረሻው ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከሟች ለጋሾች ኮርኒያ ይሰበሰባል፣ ንቅለ ተከላውም ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሰራል፣ ስለዚህ እዛ ከደረሰም መንገድ አለ።

አይናችሁ ድንገት ነጭ ጉም ለብሶ ካመማችሁ፣ ወይም ሌንስ የሚደረግበት አይን ቀልቶ ካመመ፣ ሌንሱን አውጡና በዛው ቀን የአይን ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ወንድም እህቶቻችሁንና ልጆቻችሁን አስመርምሩ፣ በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ በተለይ አይኑን የሚያሸውን። ቶፖግራፊ አያምም፣ አገጭ አስደግፎ መብራት ማየት ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።