ከገና እስከ ጾም መያዣ፦ በጥር ወር ቤትና ቢሮ ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ገና ባለፈ ማግስት ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። ግን ድስቱ በቅጡ ሳይታጠብ ከተራ ይደርሳል፣ የጥምቀቱ ነጠላ ሳይደርቅ የሰርግ መጥሪያ ይከመራል፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ቢሮ የስድስት ወር ሪፖርት ይጠይቃል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ላሊበላ፣ ጥር የበዓል ማግስት ሳይሆን የበዓል መሃል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

በዓሉ አልቋል ብሎ ማሰብ

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈችበት ማግስት ዓመት ግን በ2016 እንደሆነው ታኅሣሥ 28 ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ረቡዕና ዓርብ እንደ ወትሮው ይጾማሉ፤ ጥር 10 ደግሞ ገሃድ ነው። ስለዚህ ከገና እስከ ከተራ ካሉት ቀናት ብዙ ጊዜ ሦስት አራቱ የጾም ናቸው። ከዚያ ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፣ ነነዌ በገባ በሁለት ሳምንቱ ዐቢይ ጾም ይከተላል። በ2018 ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ነው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ላይ ነው። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም ቤት በአንድ ሰሞን የገበያ ዕቃውን ይለውጣል።

የቅቤውም፣ የሥጋውም፣ የሰርጉም፣ የገንዘቡም ዕቅድ በእነዚህ ቀናት ላይ ይንጠለጠላል። የግድግዳ ካላንደሩ ላይ ገሃድን፣ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የተጠራችሁበትን ሰርግና የደመወዝ ቀንን አክብቡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ድስቱን በየቀኑ እያሞቁ ማክረም

የዶሮ ወጥ ቅቤና በርበሬ ስላለበት አይበላሽም የሚል እምነት አለ። ይበላሻል። ትልቁን ድስት ሙሉውን አሙቆ፣ ጥቂት ጨልፎ፣ መልሶ ከድኖ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው፤ ወጡ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞቅና በየመሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቀመጣል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተህዋስያን በፍጥነት ይራባሉ። አንዳንዶቹ ትተውት የሚሄዱት መርዝ ደግሞ መልሶ በማፍላት አይጠፋም፤ «ደህና አድርጌ አፍልቼዋለሁ» የሚለው መተማመኛ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ወጡ ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ዕቃ ይከፋፈል፤ የወጡ ጥልቀት ከሦስት ከአራት ጣት አይብለጥ፣ ወፍራም ከሆነ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ዕቃዎቹ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ቆይተው ወደ ፍሪጅ ይግቡ። በፍሪጅ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ለጥምቀት ሊቀመጥ የታሰበው ገና በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ይግባ እንጂ በአራተኛው ቀን «አሁን ላቀዝቅዘው» አይባልም። እንቁላሉ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ። ሲሞቅ የሚበላው ዕቃ ብቻ ይውጣ፤ እስኪንተከተክ ይሙቅ፣ የተረፈው አይመለስ። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ፍሪጅ የሌለው ቤት የደሴን ብርድ ተማምኖ ወጥ ያሳድራል። ሌሊቱ ቢበርድም የቀኑ ፀሐይ ሌላ ነው፤ ኮምቦልቻና ከሚሴ ደግሞ ቀኑ ቀርቶ ሌሊቱም አያስተማምንም። በተለይ ማክሰኞ ተበልቶ የተረፈ ወጥ ረቡዕ ጾም ነው ተብሎ ማንም ሳይነካው ይውልና ሐሙስ ምሳ ላይ ይወጣል። ለዚህ ቤት የሚሻለው የጾሙን ቀን ቆጥሮ አሳንሶ መሥራት፣ ካልሆነም ማክሰኞ ማታውኑ ለጎረቤት ማካፈል ነው።

ቋንጣውን አወፍሮ መስቀል

የቅርጫ መደብ ከቤተሰቡ ሲበልጥ ቋንጣ ይታሰባል፤ ጥር ደረቅ በመሆኑ ወሩ ለዚህ ይመቻል። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው፦ ሲወፍር፣ ስብ ሲቀርበት፣ ሳይደርቅ ሲታሸግ።

ለ1 ኪሎ ቀይ ሥጋ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከሁለት ማንኪያ በርበሬ ጋር ይበቃል። ስቡና ጅማቱ ተለቅሞ ይውጣ፤ ስብ አይደርቅም፣ ይበላሻል፣ ሽታውም ቀሪውን ይበክላል። ሥጋው በረጅሙ ይተልተል፣ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ገመድ ላይ ይሰቀል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይመረጥ፣ ዝንብ እንዳያርፍ በሻሽ ይከለል። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቋንጣ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጠነክራል፣ የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ የሚሸተው እንዲህ ያለው ነው። በደጋው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል። ሲያጥፉት እንደ ቆዳ የሚለመጥ ከሆነ ይቆይ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። በፌስታል አይታሰር፤ የጨርቅ ከረጢት ወይም በደንብ የደረቀ ክዳን ያለው ዕቃ ይሻላል።

ጠላና እንጀራ

ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ጠላውን የሚያኮመጥጠው አየር ነው። ግማሽ የደረሰ ጋን እየከፈቱ ከመጨለፍ የቀረውን ወደ ትናንሽ ጀሪካኖች እስከ አንገታቸው ሞልቶ መገልበጥ ይሻላል፤ ገና እየፈላ ከሆነ ግን ክዳኑ ላላ ይበል፣ አለበለዚያ ያብጣል። እንጀራ ደግሞ ትኩሱን ደራርቦ በላስቲክ መሸፈን ነው የሚያሻግተው። በሦስተኛው ቀን የማይበላ መሆኑ ከታወቀ ሻጋታ ሳይጠብቁ ቆራርጦ ማድረቅ ነው፤ ድርቆሹ ለጾሙ ፍርፍር ይደርሳል። የሻገተውን ግን ጠርጎ መስጣት ድርቆሽ አያደርገውም።

የጥምቀት ልብስን እርጥብ መክተት

ታቦት ሲሸኝ ጸበል የነካው፣ አቧራ የጠጣ የሐበሻ ቀሚስ ማታ ታጥፎ ሳጥን ይገባል፤ ለሰርግ ሲወጣ ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። ስህተቱ በዚህ አያበቃም፣ ነጠብጣቡን ለማስለቀቅ በረኪና ይጨመራል። በረኪና የጥበቡን ቀለም ያደበዝዛል፣ ወርቃማውንና ብርማውን ክር ያጠቁራል።

መጀመሪያ አቧራው ደረቁን ይራገፍ፤ ረጥቦ ከታሸ ጭቃ ይሆናል። የጥበቡ ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጫን አድርጎ ይሞከር። ቀለም ከለቀቀ ነጩ ክፍል ብቻ በእጅ ይታጠብ፣ ጥበቡ ይዘለል። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ለጥቂት ደቂቃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ተገልብጦ በጥላ ይሰጣ። ነጠላው ፀሐይ ቢያገኘው ግድ የለም።

የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ማስገባት

በዓል ላይ እንግዳ ይበዛል፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የደላንታና የመቅደላ ውርጭም በዚሁ ሰሞን ነው። ቡና የተፈላበት ምድጃ «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ አያልቅም፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ምድጃ ሰው ከመተኛቱ በፊት ከቤት ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል በአንድ ክፍል ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከያዘ ምግቡን ከመጠርጠር በፊት በርና መስኮት ይከፈት፣ ሰዎቹ ወደ ውጭ ይውጡ፣ ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

ቀድሞ የወጣ ደመወዝን እንደ ጭማሪ መቁጠር

ለበዓሉ ተብሎ ደመወዝ ታኅሣሥ 20 ቢከፈልና የሚቀጥለው ጥር 30 ቢሆን በመካከሉ 40 ቀን አለ። የ30 ቀን ገንዘብ ለ40 ቀን ይዘረጋል፤ በዚያ ላይ ገናም ጥምቀትም በውስጡ ናቸው። ሰው የሚበደረው ጥር አጋማሽ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ነው። ገንዘቡ በእጅ እንደገባ የቤት ኪራይ፣ እድር፣ እቁብና የትራንስፖርት ወጪ ለ40 ቀን ተሰልቶ ይነሳ፤ በግ የሚገዛው ከተረፈው ነው። የሰርግ ስጦታ በነፍስ ወከፍ ሲሆን ይከብዳል፤ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ ተመርጦ ለወሩ ሰርጎች ሁሉ አንድ ጊዜ እኩል ቢዋጣ ይቀላል። ያላዋጣን ሰው ስም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግን ነውር ነው።

ጥር 12ን የሥራ ዝግ ማድረግ

ገናና ጥምቀት የሕዝብ በዓላት ናቸው። ከተራም፣ ቃና ዘገሊላም አይደሉም። የሚካኤል ታቦት ጥር 12 ስለሚገባ ብዙ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ተገልጋይ ከገጠር መጥቶ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። መሄድ ለሚፈልግ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከጥምቀት ሳምንት በፊት ከዓመት ፈቃድ የሚታሰብ የአንድ ቀን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቆ፣ ተተኪ አስይዞ መሄድ። ለገና ላሊበላ የሚወርድ የሚወጣም እንዲሁ። የገናውን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን ሰምቶ በጋሸና ወደ ወልድያ፣ ከዚያ በመርሳና በሐይቅ በኩል ደሴ ለመድረስ መኪና ሞልቶ ይጠብቃል፣ መንገድ ይጨናነቃል። «በማግስቱ ጠዋት እገባለሁ» ብሎ ቃል መስጠት ራስን ማዋረድ ነው፤ አንድ ቀን ጨምሮ መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የመሳቢያው ቁልፍና ማህተሙ በርክክብ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ኪስ ውስጥ ሆኖ ተሳልሞ የሚመለስ ማህተም በየዓመቱ ያጋጥማል።

የበዓል ክፍያን ማምታታት

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በበዓል ቀንም ይሠራሉ፣ ክርክሩም ከበዓል በኋላ በደመወዝ ወረቀት ላይ ይነሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን መደበኛ ሰዓቱን የሠራ ሰው የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ በዚያ ቀን ከመደበኛው በላይ ለሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሁለት ተኩል ይባዛል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጠየቅም፣ አንድ አድርጎ መክፈልም ስህተት ነው። በወር ደመወዝ የሚሠራ ሰው በበዓል ቀን ስላልሠራ አይቆረጥበትም። የገባበትና የወጣበት ሰዓት በዕለቱ ይመዝገብ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትዝታ የሚሞላ ቅጽ ለማንም አይበጅም።

የስድስት ወሩን ሪፖርት ከጥምቀት በኋላ መጀመር

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ግማሽ ዓመቱ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30፣ የገና ማግስት ነው። ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱን የሚያጣድፍ እንጂ የሚያግዝ የለም። በጥድፊያ የሚፈጠረው ዋናው ስህተት የሩብ ዓመቱን ቁጥርና የድምር ቁጥሩን ማደባለቅ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ይሠራ፦ የዓመት ዕቅድ፣ የስድስት ወር ዕቅድ፣ የመጀመሪያ ሩብ (ሐምሌ እስከ መስከረም)፣ ሁለተኛ ሩብ (ጥቅምት እስከ ታኅሣሥ)፣ ድምር፣ በመቶኛ፣ ምክንያት። መቶኛው ከየትኛው ዕቅድ አንጻር እንደሆነ ይጻፍ። የዓመቱ ዕቅድ 400፣ የስድስት ወሩ 180፣ ክንውኑ 150 ቢሆን ከስድስት ወሩ አንጻር 83 በመቶ ነው፣ ከዓመቱ አንጻር 37.5። አንዱ ክፍል በዚህ ሌላው በዚያ ካሰላ ጠቅላላው ሪፖርት ዋጋ የለውም። ሠንጠረዡ ከገና በፊት ቢዘጋጅ ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው የታኅሣሥን ቁጥር መሙላት ብቻ ነው።

ከውጭ ድርጅት ጋር የሚሠሩ ቢሮዎች ደግሞ የፈረንጆቹ ዓመት ገና ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብሎ እንደተለወጠ አይዘንጉ፤ ባለፈው የፈረንጅ ዓመት ቁጥር የተጻፈ ደረሰኝና ውል በየጥሩ ይመለሳል።

ቢሮ ውስጥ ሥጋ ብቻ ይዞ መምጣት

ከበዓል የተረፈን ምግብ ለባልደረባ ማቅረብ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን የክርስቲያን ሥጋ ለሙስሊሙ፣ የእስላም ሥጋም ለክርስቲያኑ አይሆንም። ሁሉም የሚቆርሰው ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ዳቦው ቅቤና እንቁላል አይንካው። ከጠላው ጎን ብርዝ ይቀመጥ።

ሙስሊም ባልደረባን ቤት ድረስ ለጠራ ሰው የወሎ ሥርዓት ግልጽ ነው፦ በጉን ሙስሊም ያርደዋል፣ ድስቱ፣ ቢላዋውና ማማሰያው ይለያል። «ታጥቧል» አይባልም። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ሽሮና ምስር በንጹሕ ድስት ይሠራ፣ እንግዳውም ሳይጠይቅ ቀድሞ ይነገረው።