የቲማቲሞቼ ችግር ከሥራቸው ነበር
ቲማቲሞቼ ቀትር ላይ ይጠወልጉና ማታ መልሰው ቀና ይሉ ነበር። ውኃም ማዳበሪያም ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንዱን ከነአፈሩ ቆፍሬ ሥሩን አጠብኩት፤ እንደ ዶቃ የተቋጠረ እብጠት ሞልቶታል። በባቄላ ሥር ላይ የሚገኘው ጠቃሚ እብጠት በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ይህ ግን ከሥሩ ጋር አንድ አካል ነው። ኔማቶድ ነበር፤ አንዷ እንስት በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች የምትጥል፣ ለዓይን የማትታይ ትል።

የታመሙትን ሥሮች ለቅሜ አቃጠልኩ። የፀሐይ ሙቀት ትሎቹን እንዲገድል፣ በሞቃቱ ወቅት አፈሩን አለስልሼና አርጥቤ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ 6 ሳምንት ሸፈንኩት። ጠርዙን በአፈር መቅበር ግድ ነው፤ አለዚያ ሙቀቱ ያመልጣል። ከዚያ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ተከልኩ።

ዘንድሮ የነቀልኳቸው ሥሮች ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ ጥቂት እብጠት ያየሁት ፕላስቲኩ ባልደረሰበት ዳር ብቻ ነው።