ጃንጥላ፣ አንሶላና ካርቶን፦ የቤተሰብ የሃሎዊን ልብስ በትንሽ ወጪ

ሃሎዊን ልጆች ልዩ ልዩ ነገር መስለው ለብሰው ከረሜላ ለመጠየቅ ከበር ወደ በር የሚዞሩበት በዓል ነው። ኦክቶበር 31 ማታ በር የሚያንኳኳ ልጅ መንገድ ላይ የሚታየው በጨለማ ነው፤ ደጃፍ ላይ ደግሞ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ። በዚያ ብርሃን ዓይን የሚይዘው ቅርጹን እንጂ የልብሱን ስፌት አይደለም፤ በተለይ ከትከሻ በላይ ያለውን፦ ጆሮ፣ ክንፍ፣ ቀንድ፣ ቆብ። ስለዚህ ከታች ልጁ ያለውን ልብስ አልብሱት፤ ጊዜውንና ያቺን ጥቂት ወጪ ራሱና ትከሻው ላይ አውሏት። ሙሉ ልብስ ከአዲስ ጨርቅ ልስፋ ያለ ሰው ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና ተቆርጦ የተበላሸው ሲደመር ብዙ ጊዜ ተሰፍቶ ከሚሸጠው በላይ ያወጣል።

ለመነሻ የሚሆነው አንድ ቀለም ያለው፣ ጽሑፍም ሥዕልም የሌለበት ሹራብና ሱሪ ነው። ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ የሌሊት ወፍ፣ ድመት፣ ሸረሪት፣ አጽም ሁሉ ከእሱ ይወጣል። የምትለኩት ግን ልጁ ከውስጥ የሚሞቅ ልብስ እንደለበሰ ይሁን። በቀን ክፍል ውስጥ የተለካ ልብስ ማታ ከጃኬት በላይ አይገባም፤ ጃኬቱ ከላይ ሲደረብ ደግሞ የተለፋበት ሁሉ ይሸፈናል።

ከመሣሪያ መቀስ፣ ከተር፣ መርፌና ክር፣ 20 ያህል መርፌ ቁልፍ፣ 5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጥቁር ፕላስተርና ላስቲክ ይበቃል። ግሉ ገን (ሙጫ አቅልጦ የሚያወጣ መሣሪያ) ካላችሁ ሥራ ያፋጥናል፤ ግን ለሁሉም ነገር አይሆንም። ካርቶን ከካርቶን፣ ፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሰራ ወፈር ያለ ጨርቅ) ከፌልት በደንብ ይይዛል። በሚታጠፍ ቦታ፣ ማለትም ክርን፣ ጉልበትና ወገብ ላይ፣ የደረቀው ሙጫ ስለማይለጠጥ ይላቀቃል። እዚያ መርፌና ክር ይሻላል።

የሌሊት ወፍ ከተሰበረ ጃንጥላ

ሽቦው የተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ለሁለት ልጆች ይበቃል። 8 ሽቦ ያለው ጃንጥላ ጨርቁ 8 ባለሦስት ማዕዘን ቁራጮች የተያያዙበት ነው፤ የታችኛው ጠርዝም በየሽቦው መካከል ወደ ውስጥ ይጎብጣል። የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚያስመስለው ይኸው ጉብጠት ስለሆነ ጠርዙን አትንኩት።

ጨርቁ ሽቦውን የያዘው በየጫፉ ባለው ቆብና መሃል ላይ ባለች ጥቂት ስፌት ነው። ስፌቱን በትንሽ መቀስ እየበጠሳችሁ፣ አናቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ነቅላችሁ ጨርቁን ሳይቀደድ አውጡት። ሽቦውን ጣሉት። ክንፉ እንዲወጠር ብለው ሽቦውን የሚተዉ አሉ፤ በጨለማ በሚጋፉ ልጆች መካከል ግን የሽቦ ጫፍ የሚደርሰው ዓይን ዘንድ ነው። ጨርቁን ዘርግታችሁ ከአንዱ ስፌት ተነስታችሁ በአናቱ በኩል እስከ ተቃራኒው ስፌት ድረስ ቁረጡ፤ መቀሱ ግን ከስፌቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል። ስፌቱ ላይ ከተቆረጠ ክሩ ይፈታና ጠርዙ ይተረተራል። ስፌት ያልቀረለትን ግማሽ 1 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉት።

የቀጥታው ጠርዝ በተለመደ ጃንጥላ ከ90 እስከ 100 ሴ.ሜ ይሆናል፤ እጁን የዘረጋ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ርቀትም ወደዚያው ነው። ሹራቡን አልብሱትና እጁን ይዘርጋ። የጃንጥላው አናት የነበረችው ቀዳዳ ማጅራቱ ላይ ትዋል። ከዚያ ማጅራቱን፣ ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ክርንና ሁለቱን አንጓ በመርፌ ቁልፍ ያዙ፤ 7 ቦታ ማለት ነው። በየመካከሉ ጨርቁን 2 ሴ.ሜ ያህል ልል አድርጉት። አውልቃችሁ በእነዚሁ 7 ቦታዎች ብቻ በእጅ ስፉ። ከዳር እስከ ዳር መስፋት ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሹራብ ሲለጠጥ የጃንጥላ ጨርቅ ስለማይለጠጥ ልጁ ክርኑን ባጠፈ ቁጥር ክሩ ይበጠሳል። ግሉ ገንና ካውያ እዚህ አይግቡ፤ ጨርቁ ናይለን ወይም ፖሊስተር ስለሆነ ይሸበሸባል፣ ሲብስም ይበሳል።

ለጆሮው ከጥቁር ፌልት ታቹ 8፣ ቁመቱ 10 ሴ.ሜ የሆነ ሦስት ማዕዘን ለየጆሮው ሁለት ሁለት ቁረጡና ደርቡ። ከታች መሃሉ ላይ አንድ እጥፋት ሰጥታችሁ ኮፍያው ላይ ስትሰፉት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጥፋቱ ከተረሳ ጆሮው ከበር እስከ በር ሳይደርስ ይተኛል።

ንብ አንቢና ንቦቹ

መላው ቤተሰብ በአንድ ሐሳብ ይልበስ ከተባለ፣ ወጪ የሚቀንሰው ለአዋቂዎቹ ቀላሉን መስጠት ነው። ንብ አንቢ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ወይም ክሬም ሱሪ፣ ጓንትና ሰፊ ባርኔጣ ብቻ ይፈልጋል። ከባርኔጣው ላይ 1.5 ሜትር ቱል (ስስ የመረብ ጨርቅ) ጣል አድርጋችሁ ጫፉን ሸሚዙ አንገት ውስጥ ክተቱት። ቱሉ ጥቁር ይሁን። ነጭ ቱል ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራና ከውስጥ ያለውን ሰው እይታ ይጋርዳል፤ በጥቁሩ ግን አሻግሮ ማየት ይቻላል። የእውነተኛ ንብ አንቢዎች የፊት መረብ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር የሚሆነው ለዚሁ ነው። ጎኑ የተበሳሳ ባዶ ጣሳ በእጅ ከተያዘ የጭስ ማጨሻውን ቦታ ይሞላል፤ የጣሳው አፍ ስለታም ከሆነ በፕላስተር ይታሸግ።

ለንቦቹ ቢጫ ቲሸርት ላይ 5 ሴ.ሜ ስፋት ያለውን ጥቁር ፕላስተር 5 ሴ.ሜ እያራራቃችሁ ለጥፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፕላስተሩን ዙሪያውን ገጥሞ ሲዘጋው ነው። ፕላስተር አይለጠጥም፤ ክቡ ከተዘጋ ቲሸርቱ በጭንቅላት አይገባም፣ ከገባም አይወጣም። ለፊቱም ለኋላውም ለየብቻ ለጥፋችሁ በየጎኑ 3 ሴ.ሜ ያህል ክፍት ተዉ። እጅ ሲወርድ ክፍቱ አይታይም።

ክንፉ የሚሰራው ከሁለት የሽቦ ልብስ መስቀያና ከአንድ አሮጌ ስቶኪንግ ነው። መስቀያውን ከታች ጎትታችሁ የእንባ ቅርጽ አስይዙት፤ የስቶኪንጉን አንዱን እግር አልብሱትና ጫፉን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለቱን ክንፎች መንጠቆ ከመንጠቆ አቆላልፋችሁ መንጠቆውን ወደ ውስጥ እጠፉና በፕላስተር ደጋግማችሁ ጠቅልሉ። ለማንገቢያ ሁለት የላስቲክ ቀለበት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከብብት በታች ዞሮ ትከሻ ላይ ሳይጨብጥ የሚደርስ ይሁን። ክንፉ ወደ ታች ከዘመመ ላስቲኩ ረዝሟል ማለት ነው።

አጽም

በጥቁር ሹራብና ሱሪ ላይ ነጭ አጥንት ለመሳል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በረኪና ነው። አይሆንም፤ በረኪና ጥቁር ጥጥን ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ያደርገዋል እንጂ አያነጣውም፤ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ምንም ላይለውጠው ይችላል። ነጭ የጨርቅ ቀለም ተጠቀሙ። ያላችሁ ተራ አክሪሊክ (የሥዕል ቀለም) ከሆነ፣ ቀለሙ ጨርቅ ላይ እንዲለሰልስ የሚጨመረውን ፈሳሽ (ፋብሪክ ሚዲየም፤ የልብስ ማጠቢያ ማለስለሻ አይደለም) በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ቀላቅሉበት፤ ያለ እሱ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ልጁ ልብሱን እንደለበሰ ክርኑን፣ ጉልበቱንና የእግር መጋጠሚያውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መሬት ላይ ተዘርግቶ የተሳለ ልብስ ሲለበስ የጉልበት አጥንቱ ቅልጥም ላይ ይወርዳል። ከቀለሙ በፊት እጅጌውም ደረቱም ውስጥ ካርቶን ይግባ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ሰው 12 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው፤ የልጅ ሹራብ ላይ ግን 5 ጥንድ ይበቃል፣ 12 ከተሳለ ከሩቅ የባሕረኛ ካናቴራ ይመስላል። ቀለሙን በብሩሽ ከመጎተት በስፖንጅ መታ መታ ማድረግ ይሻላል። አንድ ወፍራም ንብርብር ሳይሆን ሁለት ስስ፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው።

ካርቶን

ሮቦት፣ ቤት፣ መኪና፣ የስጦታ ዕቃ፣ ሁሉም ከካርቶን ይወጣሉ። ካርቶን መሃሉ ሞገድ አለው፤ በሞገዱ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሞገዱን አቋርጦ ሲታጠፍ ይሰበራል። ማጠፍ ያለባችሁን መስመር አስቀድማችሁ በማንኪያ እጀታ ጫን ብላችሁ አስምሩበት። ለሮቦት ደረት ሳጥኑ ከልጁ ትከሻ 8 ሴ.ሜ ያህል የሰፋ፣ ቁመቱ ከጉልበቱ አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ የሚያልቅ ይሁን። ከዚህ ከረዘመ ልጁ ደረጃ መውጣት አይችልም።

የአንገቱን ቀዳዳ በአንገት አትለኩ፤ ጭንቅላቱ ነው የሚያልፈው። የጭንቅላቱ ዙሪያ 52 ሴ.ሜ ከሆነ ስፋቱ ወደ 17 ሴ.ሜ ነው፤ ቀዳዳውን 20 ሴ.ሜ አድርጉትና ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ። የእጁ ቀዳዳ 15 ሴ.ሜ ያህል ሆኖ ከላይኛው ጠርዝ 4 ሴ.ሜ ይውረድ። ውሃ የበዛበት ቀለም አንዱን ገጽ ብቻ ሲቀባ ካርቶኑ ይጎብጣል። ወፈር ያለ ቀለም ተጠቀሙ፣ ወይም ውስጡንም አንድ ጊዜ ቀቡት። ዝናብ ካለ ካርቶን አትምረጡ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሙሚና ጣረ ሞት

ከሽንት ቤት ወረቀት የተሰራ ሙሚ (በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት አስከሬን) ፎቶ ላይ ብቻ ነው የሚያምረው፤ ሲራመዱ ይቀደዳል፣ በጤዛ ይሟሟል፣ እሳት በቅጽበት ይይዘዋል። አሮጌ የጥጥ አንሶላ ውሰዱ፤ ጠርዙን በየ6 ሴ.ሜው በመቀስ ጀምሩለትና በእጅ ቅደዱ። የተቀደደ ጠርዝ ክር ያወጣል፣ ያረጀ የሚያስመስለውም ክሩ ነው። በ4 ሊትር ፍል ውሃ ውስጥ 10 ከረጢት ሻይ ጣሉና ቁራጮቹን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ አድርቁ። ፖሊስተር ያለበት አንሶላ ሻይ አይቀበልም።

ልጁን እንደ ፋሻ አትጠቅልሉት፤ ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ እግሩ ስር ይወርዳል። ቁራጮቹን ረጅም እጅጌ ባለው ካናቴራና በታይት ላይ ከጎን ከጎን ብቻ ስፏቸው፣ መሃሉ ልል ይሁን። ላይና ታቹ ለየብቻ መሆኑ ሽንት ቤት ሲሄድ ያድናችኋል።

ለጣረ ሞት አንሶላውን ከላይ ጣል ማድረግ ብቻ ልጁን ያሳውረዋል፤ ትንሽ ሲዞር የዓይኑ ቀዳዳ ጆሮው ጋ ይሄዳል። መጀመሪያ ኬፕ አልብሱትና አንሶላውን በኬፑ ላይ አራት ቦታ ስፉት። ቀዳዳውን ለዓይን ብቻ ከመብሳት ይልቅ ፊቱ ሙሉ እንዲታይ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ፊቱን ነጭ መቀባት ይቻላል። ታቹ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይለቅ።

ፊትና ሕፃናት

ጭንብል የጎን እይታን ይወስዳል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። ለፊት ተብሎ የተሰራ፣ በውሃ የሚለቅ ቀለም ይሻላል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ቆዳው መቅላት አለመቅላቱን እዩ። አክሪሊክ፣ ማርከርና ለዕደ ጥበብ የሚሸጥ ብልጭልጭ ፊት ላይ አይቀቡም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ ባለ ቀለም የዓይን ሌንሶችን ታዳጊዎች ይወዷቸዋል፤ ዓይን ያቆስላሉ፣ አይገዙ።

ለሕፃን ኮፍያውና ሙሉ ልብሱ ይበቃል። ክር አንገቱ ላይ አይታሰር፣ ቁልፍና ዶቃ አይለጠፍ፤ የተሰፋ ፌልት ብቻ። ንብ አንቢው በማዘያ ካቀፈው ቢጫ ኮፍያ አድርጎ ራሱ ትንሽ ንብ ይሆናል። መኪና ውስጥ ክንፉም ካርቶኑም ይውለቅ፤ ወፍራም ነገር ከመቀመጫው ቀበቶ ስር ሲገባ ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም።

ልብሱን ከሁለት ቀን በፊት ሞክሩት። ልጁ ይቀመጥ፣ ደረጃ ይውጣ፣ እጁን ከራሱ በላይ ያንሳ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ይውጣ። የሚጎድለው በዚህ ይታያል፤ ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁም እዩት። ጥቁር ለባሽ ልጅ ለአሽከርካሪ አይታይም፤ ጀርባውና እጅጌው ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ለጥፉ፣ የሌሊት ወፉ ክንፍ ጠርዝ ላይ ከሆነ ጌጥም ይሆናል። ደጃፍ ላይ ከሚበራ እውነተኛ ሻማ ቱልና የጃንጥላ ጨርቅ ይራቁ። አንድ አዋቂ ኪሱ ውስጥ 6 መርፌ ቁልፍ፣ እርሳስ ላይ የተጠቀለለ አንድ ሜትር ፕላስተርና እርጥብ መጥረጊያ ይያዝ፤ መጀመሪያ የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ የክንፉ ላስቲክ ነው።