«ምንም አልተፈጠረም» ከማለታችሁ በፊት፦ ኢንዲፔንደንት ድራማና ዶክመንተሪ ስታዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከወጡት ኢንዲፔንደንት (ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ የተሠሩ) ድራማዎችና ዶክመንተሪዎች ውስጥ ልቤን የነኩትን ለሰው ስመክር ደጋግሞ የሚመጣ መልስ አለ። «አየሁት፣ ግን ይደብራል።» ወይም ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ግን ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ድሮ እከራከር ነበር። አሁን መጀመሪያ እንዴት እንዳዩት ነው የምጠይቀው። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ፊልሙ ሊሰጠው ያላሰበውን ነገር ሲጠባበቅ፣ የሰጠው ነገር ከፊቱ አልፎ ሄዷል። እኔም ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹን ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዚያ ምክንያት በግማሽ ልብ ያየኋቸው ፊልሞች እስካሁን ይቆጩኛል።

ኢንዲፔንደንትን እንደ አንድ የፊልም ዓይነት መቁጠር

ብዙ ሰው ኢንዲፔንደንት ሲባል የሚታየው ምስል አለ። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ሰዎቹ መስኮት ዳር ቆመው ዝም ይላሉ። ቃሉ ግን ስለ መልክ ምንም አይናገርም። ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ የመጨረሻውስ ቃል የማን ነው የሚለውን ነው የሚነግረን። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን «ታንጀሪን» የቀረጸው በአይፎን 5ኤስ ነው። «አኖራ»ን ደግሞ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ቀረጸ፣ በ6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሠራው፣ ራሱ ኤዲት አደረገው፣ በ2024 ካን ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ፓልም ዶርን፣ በቀጣዩ ዓመት አምስት ኦስካር ይዞ ወጣ። «ዘ ብሩታሊስት» ከ10 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ በጀት ተሠርቶ፣ ቪስታቪዥን በሚባለው የ1950ዎቹ ሰፊ ፎርማት ተቀርጾ፣ መሃል ላይ ካለው የ15 ደቂቃ ዕረፍት ጋር ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በመልክ አይገናኙም። አንዱን አይታችሁ ካልጣማችሁ «ኢንዲ አይመቸኝም» ብላችሁ በሩን አትዝጉ።

«ምንም አልተፈጠረም» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው።

ትልልቆቹ ፊልሞች ታሪክ የሚነግሩን በክስተት ነው። ሰው ይሞታል፣ ሚስጥር ይወጣል፣ መኪና ይገለበጣል። ዓይናችንም ይሄን ለምዷል፤ አስር ደቂቃ ክስተት ሳያገኝ ከቆየ ይቁነጠነጣል። የምወዳቸው ኢንዲፔንደንት ድራማዎች ግን ትልቁን ነገር የሚያደርጉት ሰውየው ውስጥ ነው፤ እኛ የምናየው ወደ ውጭ ያመለጠችውን ትንሽ ምልክት ነው።

ሻርሎት ዌልስ በ2022 ያወጣችውን «አፍተርሰን» ውሰዱ። አንድ ወጣት አባትና የ11 ዓመት ልጁ ቱርክ ውስጥ ለዕረፍት ሄደዋል። ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ በትንሽ ካሜራ ይቀራረጻሉ። ታሪኩን ተናገር ብትሉኝ ይሄው ነው። አንድ ማታ ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ልጅቷ ካሜራውን አባቷ ላይ ደግና፣ በ11 ዓመትህ አሁን ምን ላይ የምትደርስ ይመስልህ ነበር ብላ ትጠይቀዋለች። ጨዋታ ነው ለእሷ። እሱ ግን ይከብደዋል፣ አጥፊው ይላታል። እሺ፣ በጭንቅላቴ ካሜራ እቀርጸዋለሁ ትለዋለች። ከዚያ የቀረውን ንግግር የምናየው ጠፍቶ በጠቆረው ቴሌቪዥን መስታወት ላይ ነው፤ አባትና ልጅ እዚያ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። ዳይሬክተሯ ካሜራውን አዙራ ፊቱን በቅርብ ብታሳየን ኖሮ እናዝንለትና እናልፍ ነበር። ጥላውን ብቻ ስለሰጠችን ግን ልጅቷ አድጋም ከአባቷ የቀራት ይሄው ጥላ እንደሆነ ይገባናል። ማንም በቃል አልተናገረውም። ስልኩን ለአንድ አፍታ ያየ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዎች ሆቴል ውስጥ ሲያወሩ ነው ያየው።

ሌላው «ፓስት ላይቭስ» ነው፣ ሴሊን ሶንግ በ2023 ያወጣችው። (መጨረሻውን ልናገር ነው፣ ያላያችሁት ይሄን አንቀጽ ዝለሉት።) በልጅነት የተለያዩ ሁለት ሰዎች ከ12 ዓመት በኋላ በኢንተርኔት ይገናኛሉ፣ ከሌላ 12 ዓመት በኋላ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በአካል። ሊለያዩ ሲሉ መኪናው እስኪመጣ ሁለት ደቂቃ አላቸው። ቆመው ይተያያሉ። አይሳሳሙም፣ አትሂድ የሚል የለም። መኪናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ልትሸኘው ስትወጣ በስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር የተራመዱት፤ አሁን ብቻዋን በዚያው መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ትመለሳለች፣ ካሜራውም አብሯት ይሄዳል፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ባሏ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች። «መጨረሻው ምንም አይደለም» ያለኝ ሰው አለ። እኔ ግን ያቺ ጥቂት እርምጃ ከብዙ ፊልም ጦርነት የበለጠ አስጨንቃኛለች።

ስለዚህ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያላችሁ አትጠብቁ፤ «ይሄ ሰው አሁን ምን እየደበቀ ነው?» ብላችሁ እዩ። ይሄ ማለት ግን ቀርፋፋ ፊልም ሁሉ ጥልቅ ነው ማለት አይደለም። ዝምታን ለጌጥ ብቻ የሚጠቀሙ ፊልሞች ሞልተዋል፣ እነሱን ማድነቅም ግዴታ የለብንም። እኔ የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ረጅሙ ሾት (ሳይቆረጥ የሚሄደው ምስል) ሲያልቅ ስለ ሰውየው መጀመሪያ ላይ ያላወቅኩትን ነገር ካወቅኩ፣ ርዝመቱ ይገባው ነበር። ምንም ካልተጨመረልኝ ጊዜዬን ነው የበላው። ይሄን ለመፍረድ ግን ቢያንስ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ በሙሉ ልብ መስጠት ያስፈልጋል፤ ፊልሙ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚያስተምረን እዚያ ውስጥ ነው።

በስልክ ድምፅ፣ ወይም እያፈጠኑ ማየት

«ሳውንድ ኦፍ ሜታል» መስማት እየተሳነው ስለሄደ ከበሮ መቺ ነው። የዳሪየስ ማርደር ፊልም ነው፣ በድምፅና በኤዲቲንግ ኦስካር አግኝቷል። ድምፁ አንዳንዴ ከውጭ ሆነን እንደምንሰማው ጥርት ብሎ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሰውየው ጆሮ ውስጥ ሆነን ውሃ ስር እንዳለን ታፍኖ። የታሪኩ ግማሽ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው። ጫጫታ ያለበት ቦታ በስልክ ስፒከር ያየው ሰው ልዩነቱን ከየት ያገኘዋል? ሄድፎን አድርጉ። ሌላ ምንም ባታደርጉ ይሄን ብቻ አድርጉ። ፍጥነቱን ጨምሮ ማየት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ድራማ አይሆንም፤ ዝምታውን በግማሽ ስታሳጥሩት ሌላ ፊልም ነው የምታዩት።

ትሬለርን አምኖ መግባትም ከዚህ አይለይም። ትሬለር የሚሠራው ፊልሙን ለመሸጥ ነው። የሁለት ሰዓት ሐዘን ውስጥ ያሉትን ሦስት ቀልዶች ለቅሞ ኮሜዲ ሊያስመስለው ይችላል።

ዶክመንተሪ ያልተነካ እውነት ነው ብሎ ማመን

ከዚህ ስህተት የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፦ የዳይሬክተሩን እጅ ያዩ ዕለት «ውሸት ነው» ብሎ መጣል። ሁለቱም ፊልሙን ያሳጡናል።

ነገሩ ከጥንቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ባወጣው «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» ላይ የምናየው የበረዶ ቤት ውስጡ ብርሃን እንዲያገኝ ግማሹ ክፍት ተደርጎ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው። ዋናው ሰውም በእውነተኛ ስሙ አልተጠራም። ዶክመንተሪ ሲባል ሰው መርጧል፣ ቆርጧል፣ አስቀድሟል፣ አስከትሏል ማለት ነው። «ሃኒላንድ»ን አስቡት። ሰሜን መቄዶኒያ ውስጥ ማሩን ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን ለንቦቹ እያለች የምትቆርጥ ሴት ታሪክ ነው። ሦስት ዓመት ተቀርጾ ከ400 ሰዓት በላይ ምስል ተሰብስቧል፤ እኛ ያየነው 90 ደቂቃ ገደማ ነው። የተቀረው የት ሄደ? ጎረቤቶቿ መጥተው ለንቦቹ ግማሹን ሳይተዉ ማሩን ሙልጭ አድርገው ሲወስዱ የምንናደደው፣ ሁለቱ ዳይሬክተሮች ያንን ንዴት ደረጃ በደረጃ ስለገነቡልን ነው። ይሄን ማወቄ ለሴትዮዋ ያለኝን ፍቅር አልቀነሰውም።

አንዳንዶቹ እጃቸውን ጭራሽ አይደብቁም። ካውተር ቤን ሃኒያ በ2023 በሠራችው «ፎር ዶተርስ» ላይ አንዲት ቱኒዚያዊት እናትና አብረዋት ያሉት ሁለት ሴት ልጆቿ ራሳቸው አሉ፤ ጥለው በሄዱት በሁለቱ ልጆች ቦታ ግን ተዋናዮች ገብተዋል። እናትየዋ ልትደግመው የሚከብዳት ትዕይንት ሲመጣ ሌላ ተዋናይት ትተካታለች። መጀመሪያ ሳየው ግር ብሎኝ ነበር፤ ይሄ ዶክመንተሪ ነው ወይስ ድራማ? ትንሽ ቆይቼ ግን ቤተሰቡ ከተዋናዮቹ ጋር ሲያወራ ለጋዜጠኛ የማይናገረውን እየተናገረ መሆኑን አስተዋልኩ። «ፍሊ» ደግሞ በአኒሜሽን የተሠራ ዶክመንተሪ ነው። ከአፍጋኒስታን የተሰደደው ሰው ማንነቱ እንዳይታወቅ ስለፈለገ ፊቱ ተሳለ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ድምፁ ግን የራሱ ነው። ካርቱን ነው ብሎ ያለፈው ሰው ያንን ድምፅ አልሰማውም።

የምጠይቀው ታዲያ ሌላ ነገር ነው። የተቀረጹት ሰዎች ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር? ፊልሙ ያከብራቸዋል ወይስ ይጠቀምባቸዋል? ዳይሬክተሩ ሊነካ በማይገባ ጊዜ ካሜራውን ያጠፋል? ለእኔ የዶክመንተሪ ታማኝነት እዚህ ጋ ነው የሚለካው።

የጉዳዩን ክብደት ከፊልሙ ጥራት ጋር ማምታታት

ስለ ጦርነት ወይም ስለ ስደት የተሠራ ፊልምን «አልወደድኩትም» ማለት ብዙዎቻችንን ያሸማቅቀናል። ጉዳዩን የናቅን ይመስለናል። ግን ከባድ ርዕስ ይዞ የተዝረከረከ ዶክመንተሪ አለ፣ ያንን በግልጽ መናገር ጉዳዩን መካድ አይደለም። እንዲያውም ጥሩዎቹ ለምን ጥሩ እንደሆኑ የምንናገርበት አንደበት የምናገኘው ያኔ ነው። ምስቲስላቭ ቼርኖቭ «20 ዴይስ ኢን ማሪዩፖል» ላይ በሩሲያ ጦር የተከበበችውን የዩክሬን ከተማ ብቻ አላሳየንም። መጀመሪያ ረጅሙን፣ ለማየት የሚከብደውን ምስል ያሳየናል፤ ቀጥሎ ያው ምስል ለቴሌቪዥን ዜና ተቆርጦ የጥቂት ሰከንድ ዕድሜ ሲቀረው ያሳየናል። ዜናውን ያኔ አይቼዋለሁ፣ ምን ያህሉን እንዳላየሁ የገባኝ ግን ፊልሙ ላይ ነው። «ኖ አዘር ላንድ»ም በዌስት ባንክ የፍልስጥኤማውያን ቤት ሲፈርስ እያሳየ፣ የበለጠ የሚያመው ግን በሁለቱ ወጣቶች ጓደኝነት መሃል ያለው ነገር ነው። እስራኤላዊው ሲመሽ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ይገባል፣ ፍልስጥኤማዊው እዚያው ይቀራል።

ተዋናይ ያልሆነውን ሰው «ራሱን ነው የሆነው» ብሎ ማለፍ

ዳይሬክተሯ ክሎይ ዣኦ «ኖማድላንድ» ላይ ከተዋናይት ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ጎን በመኪና ውስጥ የሚኖሩ እውነተኛ ሰዎችን አሰልፋለች። ብዙ ሰው ያደነቀው ማክዶርማንድን ነው፣ ይገባታል። ግን አንዷ ሴት ልትሞት ጥቂት ወር እንደቀራት እየተናገረች፣ በሕይወቷ ያየችውን የወፍ መንጋ የምታስታውስበት ትዕይንት አለ። በእውነተኛው ሕይወቷ እንዲህ ለሞት የሚያደርስ በሽታ አልነበረባትም። ትወና ነው፣ ያውም ትምህርት ቤት ያልገባ ትወና፣ እንዲህ ያለውን ስታዩ ስሙን ስጡት።

ሽልማትንና ጭብጨባን እንደ መመሪያ መውሰድ

በፌስቲቫል ላይ ስንት ደቂቃ እንደተጨበጨበ የሚጻፈውን ዜና እርሱት። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የፊልሙ ሠሪዎችና ወዳጆቻቸው ጭምር ናቸው። ኦስካርም ቢሆን ፊልሙ ለተመልካች ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም፤ «ኖ አዘር ላንድ» በ2025 ሲሸለም አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አልነበረውም። የለመዳችሁት አፕ ላይ ፊልሙን ስላጣችሁት ጥሩ አይደለም ብላችሁ አትደምድሙ።

አንዴ አይቶ ፍርድ መስጠት

ክሬዲቱ ሳያልቅ ኮከብ መስጠት ለምደናል። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ግን ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚመጡብን። «አፍተርሰን»ን መጀመሪያ ሳይ አባትየው ምንጣፍ የሚገዛበትን ትዕይንት እንደ መሸጋገሪያ ነበር ያለፍኩት። ገንዘብ የለውም፣ ዋጋውን ሰምቶ ይወጣል፣ በኋላ ብቻውን ተመልሶ ይገዛዋል። ለምን? አልጠየቅኩም። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ልጅቷ ትልቅ ሴት ሆና፣ በልደቷ ቀን ሌሊት ከአልጋዋ ስትነሳ የምትታይበት አጭር ሾት ላይ ቆምኩ። እግሯ ወለሉ ላይ ያርፋል። የረገጠችው ያንን ምንጣፍ ነው።